«ወዳጆቼ ናችሁ» ካለ ለምን ያዝዛል? ዮሐ. 15፥14ን ለወጣቶች እንዴት እናስተምር?

#1 ብርሃን_27
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ በወጣቶች ጉባኤ የ45 ደቂቃ ትምህርት ይሰጣል፤ ርእሱ «የክርስቶስ ወዳጅ መሆን»፣ ክፍሉ ዮሐ. 15፥12–17። ተሳታፊዎቹ 12 ገደማ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 25። ከኦርቶዶክስ ቤተሰብም ከወንጌላውያንም የመጡ አሉበት። ሦስት ቦታ ላይ እርዱኝ።

አንደኛ፣ «እኔ ያዘዝኋችሁን ሁሉ ብታደርጉ እናንተ ወዳጆቼ ናችሁ» ይላል። ወዳጅ ወዳጁን ይለምናል፣ ይመክራል፤ ያዝዛል እንዴ? ሁለተኛ፣ ቁጥር 15 ላይ «ባሮች አልላችሁም» ተብለው ሳለ ጳውሎስ ሮሜ 1፥1 ላይ ራሱን ባርያ ይላል፤ ያዕቆብም (ያዕ. 1፥1) የመልእክቱ ጸሐፊ ይሁዳም (ይሁዳ 1) እንደዚያው። ሦስተኛ፣ ልጆቹ «ደስ ይላል» ብለው ብቻ እንዳይበተኑ ምን ይዘው ይሂዱ?

ለመክፈቻ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ጌታ አሳልፎ ለሰጠው ይሁዳ እንኳ «ወዳጄ ሆይ» ብሎታል (ማቴ. 26፥50)፤ እንግዲያው ወዳጅነቱ ለሁሉም ክፍት ነው። ምን ትላላችሁ?

#2 የቃል_ፍቺ
እኅቴ፣ መክፈቻውን ቀይሪው። የይሁዳው «ወዳጄ» እና የዮሐንስ 15ቱ «ወዳጆቼ» በአማርኛ አንድ ቃል ስለሆኑ ነው እንጂ በግሪክኛው ሌላና ሌላ ናቸው። ዮሐንስ ላይ ያለው «ፊሎስ» ነው። ማቴዎስ 26፥50 ላይ ያለው «ሄታይሬ» ነው፤ «አንተ ሰው»፣ «ጓዴ» እንደማለት፣ አብሮ ለዋለ ሰው የሚባል ቀዝቀዝ ያለ መጥሪያ። ማቴዎስ በዚህ ቃል ሰው ሲጠራ 3 ጊዜ ነው፦ 20፥13 ላይ በደመወዙ ያጉረመረመው ሠራተኛ፣ 22፥12 ላይ የሰርግ ልብስ ሳይለብስ የገባው እንግዳ፣ ከዚያ ይሁዳ። ሦስቱም ጥፋት ላይ የተገኙ ናቸው። ስለዚህ ቃሉ የቅርበት ምስክር አይሆንም፤ እንዲያውም ውስጡ ወቀሳ አለበት። ወዳጅነቱ ለኃጢአተኛ ክፍት መሆኑን ማሳየት ከፈለግሽ ሉቃ. 7፥34 ይበቃሻል፤ «የቀራጮችና የኃጢአተኞች ወዳጅ» ሲሉ ለስድብ ያሉት ነው፣ እዚያ ያለው ደግሞ ራሱ ፊሎስ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ፊሎስ የሚገኘው 6 ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱ ያንቺው ክፍል ውስጥ ናቸው፣ 15፥13፣ 14 እና 15። የቀሩትን ሦስት ልጆቹ ራሳቸው ቢፈልጉ ጥሩ ሥራ ይሆናቸዋል፦
— 3፥29፣ የሙሽራው ወዳጅ። የ1954ቱ አማርኛ «ሚዜው» ብሎታል፤ ትክክል ነው፣ ግን ቃሉ ፊሎስ መሆኑ ይደበቃል።
— 11፥11፣ «ወዳጃችን አልዓዛር»።
— 19፥12፣ ለጲላጦስ የተጮኸበት፦ «ይህንስ ብትፈታው የቄሣር ወዳጅ አይደለህም»።

የመጨረሻው ለጥያቄሽ ቁልፍ ይመስለኛል። «የቄሣር ወዳጅ» የስሜት ቃል አይደለም፣ የቦታ ቃል ነው። በዚያ ዘመን በነገሥታት ግቢ «የንጉሥ ወዳጅ» የሚባል ማዕረግ ነበር፤ 1 መቃብያን 2፥18 ላይ ለማታትያስ እንደ ጉቦ የቀረበለት እሱ ነው (የግሪኩ መቃብያን ማለቴ ነው፤ በእኛ ቀኖና ያሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ሌሎች ናቸው፣ እዚያ እንዳትፈልጉት)። በዳዊት ግቢም አርካዊው ኩሲ «የንጉሥ ወዳጅ» ይባላል፣ 1 ዜና 27፥33። ንጉሥ ወዳጁን ያማክራል፣ ይልከዋል፣ ያዝዘዋልም። ወዳጁም ይሰግድለታል። አንድም ሰው በዚህ አይደነቅም። «ወዳጅ ከሆነ አይታዘዝም» የሚለው የእኛ ዘመን ጆሮ ነው።

#3 ቆሎ_ተማሪ
የቃል_ፍቺ እንዳለው ነው፤ እኔ በራሳችን ቋንቋ ልግባበት፣ ምክንያቱም ልጆቹ ግሪክኛውን ሳይሆን አማርኛውን ነው የሚሰሙት።

ግእዙ «አዕርክትየ» ይላል፤ የአንዱ «ዐርክ» ነው። አማርኛው «ወዳጅ» አለ። ወዳጅ ከ«ወደደ» ይወጣል፣ ፊሎስም «ፊሌኦ» (ወደደ) ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር አለው፤ ስለዚህ ተርጓሚዎቹ ጥሩ አድርገዋል። ችግሩ የዛሬ ልጅ «ወዳጅ» ሲባል በልቡ «ጓደኛ» ብሎ መተርጎሙ ነው። ጓደኛ እኩያ ነው፤ አብሮ የተማረ፣ አብሮ የሚሠራ። ለጓደኛ «ዛሬ አልመችህም» ይባላል፣ ቀጠሮ ይሰረዛል፣ ማንም አይቀየምም። ያንን ወደ ጌታ ስታዞረው ጸሎት የሚመች ሰዓት ሲገኝ የሚደወል ስልክ ይሆናል።

ሁለት የቆዩ ቃላት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፊ። አንዱ «ባለሟል» ነው። ባለሟል እልፍኝ ገብቶ የንጉሡን ነገር የሚሰማ፣ ፊት ያገኘ፣ ስለ ሌላው የሚማልድ ሰው ነው። ግን ባለሟል መቼም ንጉሥ አይደለም፤ ያንን የረሳ ቀን ባለሟልነቱ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳንን «የእግዚአብሔር ባለሟሎች» የምትለው በዚህ ነው። ሌላው ያው «ሚዜ» ነው። ሚዜ ሙሽራውን ያጅባል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ደስ ይለዋል፤ ሙሽሪት ግን የእሱ አይደለችም። ዮሐንስ መጥምቅ ያለው ይህንኑ ነው። ለ20 ዓመት ልጅ ከዚህ የቀለለ ማስረጃ አታገኚም፣ ሁሉም ሰርግ ቤት ቆሞ ያውቃል።

በነገራችን ላይ፣ አንዳንዱ «እንግዲህ ወዳጅ ከሆነ በአክብሮት ማውራት ምን ያስፈልጋል» ይላል። ቋንቋችን ድሮ ፈትቶታል። አያታችንን «እርስዎ» እንላለን፣ እግዚአብሔርን «አንተ» እንላለን። «አንተ» ብለን ግን ጫማችንን አውልቀን ነው። ቅርበቱ በተውላጠ ስሙ፣ ፍርሃቱ በእግራችን።

#4 ጠያቂው
ባለሟሉ ጥሩ ነው፤ ግን ዋናውን አልነካችሁትም። «ብታደርጉ» ሁኔታ ነው። ካደረጋችሁ ወዳጅ፣ ካላደረጋችሁ አይደላችሁም። ይህ ውል ነው እንጂ ወዳጅነት አይደለም። ባለሟልም እኮ የሚወደደው እስከጠቀመ ድረስ ነው።

#5 ወይንና_ቅርንጫፍ
ጠያቂው፣ ቁጥር 14ን ከጎረቤቶቹ ነጥለህ ስላነበብከው ነው። የቁጥሮቹን ተራ ተመልከት። 13 ላይ ነፍሱን «ስለ ወዳጆቹ» ይሰጣል። ያን ማታ እነዚያ ሰዎች ምን አድርገው ነበር? ምንም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጥለውት ሊሸሹ ነው፣ እሱም 16፥32 ላይ ይህንኑ ነግሯቸዋል። ወዳጅ ብሎ የሞተላቸው ከመታዘዛቸው በፊት ነው። 16 ላይ ደግሞ በሩን ጨርሶ ይዘጋዋል፦ «እኔ መረጥኋችሁ እንጂ እናንተ አልመረጣችሁኝም»። ቁጥር 14 በእነዚህ በሁለቱ መሐል ነው የተቀመጠው። ከፊቱ መስዋዕት፣ ከኋላው ምርጫ። ስለዚህ መታዘዙ የመግቢያ ክፍያ ሊሆን አይችልም፤ ምልክቱ ነው። ሮሜ 5፥10ም «ጠላቶች ሳለን» ነው የሚለው።

ቀጥሎ «ያዘዝኋችሁን ሁሉ» ሲል ስንት ትእዛዝ እንዳለ ቁጠር። ሰው «ሁሉ» ሲባል ረጅም ዝርዝር ይታየዋል። ክፍሉ ውስጥ በግልጽ የተቀመጠው አንድ ነው፣ እሱም ሁለት ጊዜ፦ ቁጥር 12፣ «እኔ እንደ ወደድኋችሁ እርስ በርሳችሁ ትዋደዱ ዘንድ ትእዛዜ ይህች ናት»፤ ቁጥር 17፣ «እርስ በርሳችሁ እንድትዋደዱ ይህን አዛችኋለሁ»። ወዳጆቼ የሚለው ሦስት ጊዜ እንደ እንጀራ በዚህ ትእዛዝ ተጠቅልሎ ነው የተሰጠን። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «የክርስቶስ ወዳጅ ነኝ» ብለው የግል ክፍላቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ፣ ትእዛዙ ግን በሙሉ ወደ ጎን ነው የሚያይ።

#6 ዘሠርክ
ወይንና_ቅርንጫፍ ባለው የቁጥሮች ተራ እስማማለሁ፤ ቀዳሚው የጌታ ምርጫ ነው፣ ለዚህ ክርክር የለንም። ነገር ግን «ምልክት ብቻ ነው» ብለን ቶሎ እንዳናልፈው። ቁጥር 10 «ትእዛዜን ብትጠብቁ በፍቅሬ ትኖራላችሁ» ይላል። መኖርና መግባት ለየብቻ ናቸው። በጥምቀት የተሰጠን ወዳጅነት አለ፣ እርሱን የማናስገኘው ነው፤ በእርሱ መኖር ግን የየቀኑ ነው፣ በንስሐም ይታደሳል። ከ4 እስከ 10 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ «መኖር» የሚለው ግስ በግሪክኛው 10 ጊዜ ተመላልሷል። ያን ያህል የተደጋገመው ሊወጣ የሚችል ሰው ስላለ ነው።

ጠያቂው «ካላደረጋችሁ አይደላችሁም» ላለው፣ መልሱ ጴጥሮስ ነው። በፍም እሳት አጠገብ 3 ጊዜ ካደ (18፥18 እሳቱን ይጠቅሳል)። በ21፥9 ደግሞ በባሕሩ ዳር የፍም እሳት ተቀምጦ ያገኛል፤ በግሪክኛው ያ ቃል በሐዲስ ኪዳን በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው የሚገኘው። ጌታም 3 ጊዜ ጠየቀው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። «ምንም አይደለም፣ ተወው» አላለውም፤ ቁስሉን እዚያው ቦታ ላይ ነካው። ደግሞም «ሂድ፣ ወዳጄ አይደለህም» አላለውም፤ ሥራ ሰጠው፣ «በጎቼን አሰማራ»። የወዳጅ ንስሐ እንዲህ ነው። ለልጆቹ ማስተማሪያ እንዲሆን፦ ከወደቁ በኋላ የሚሠሩት ሁለት ስሕተት አለ፣ አንዱ ነገሩን ማቃለል፣ ሌላው መጥፋት። ሁለቱም ከጥያቄው መሸሽ ናቸው።

አንድ ተጨማሪ። በእኛ ዘንድ ጸሎተ ሐሙስ ብዙ ስም አለው፤ ሕጽበተ እግር የሚደረግበት፣ የምሥጢር ቀን፣ የሐዲስ ኪዳን ሐሙስ። ከስሞቹ አንዱ «የነፃነት ሐሙስ» ነው፣ ምክንያቱም ይኸው «ከእንግዲህ ወዲህ ባሮች አልላችሁም» የሚለው ቃል ነው። ኦርቶዶክሳውያን ልጆች ስሙን ሰምተውት ይሆናል፣ ጉልባኑንማ ያውቁታል፤ ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎቹ አያገናኙትም። ልብ በሉ፣ ነፃነት የተባለውና እግር ማጠብ የተደረገው በአንድ ቀን ነው። ነፃ ያልወጣ ሰው እግር ሲያጥብ ግዴታ ነው፤ ወዳጅ ሲያጥብ ግን ሌላ ነገር ነው።

#7 ጠያቂው
የጴጥሮሱን ተቀብያለሁ። አሁን ቁጥር 15። «ከአባቴ የሰማሁትን ሁሉ አስታውቄአችኋለሁ» ይላል። አንድ ምዕራፍ ቀጥሎ ግን 16፥12፣ «የምነግራችሁ ገና ብዙ አለኝ፥ ነገር ግን አሁን ልትሸከሙት አትችሉም»። ሁሉን ነግሯቸዋል ወይስ አልነገራቸውም? ወዳጅ ማለት ምስጢር የተነገረው ነው ካላችሁ ይህ ይፈርሳል።

#8 የቃል_ፍቺ
ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲያውም ቅዳሜ ከልጆቹ አንዱ ቢጠይቀው እንዳትደነግጪ ብርሃን።

«ሁሉ» የሚለው የመረጃ ብዛት አይደለም። ቁጥር 15 ባርያን የለየው በአንድ ነገር ነው፦ «ባርያ ጌታው የሚያደርገውን አያውቅምና»። ባርያ የሚያውቀው ትእዛዙን ነው፤ «ውሃ አምጣ» ይባላል፣ ለምን እንደሆነ አይነገረውም። ወዳጅ ለምን እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ልዩነቱ በመታዘዝና ባለመታዘዝ መካከል አይደለም፤ ሁለቱም ይታዘዛሉ። ልዩነቱ ሳያውቁ በመታዘዝና አውቀው በመታዘዝ መካከል ነው። ክርስቶስ ከአብ የሰማውን ዓላማ አልደበቃቸውም፤ የዚያን ዓላማ ዝርዝር ግን የሚሸከሙት ከትንሣኤው በኋላ ነው፣ 16፥13 መንፈስ ቅዱስን የሚያመጣው ለዚህ ነው። የሁለተኛው ጥያቄሽም መልስ እዚሁ ነው። ጳውሎስ ራሱን ባርያ ሲል የማን እንደሆነ እየተናገረ ነው። ጌታ ራሱ «ባርያ ከጌታው አይበልጥም» ያላቸው በ15፥20 ነው፤ ወዳጆች ካላቸው ከ5 ቁጥር በኋላ! ስሙ ተነሥቶ ስም አልተተካም፤ ባርያዎቹ ሆነው ሳሉ እንደ ባርያ አልያዛቸውም።

ብሉይ ላይ ምሳሌው አብርሃም ነው። ወዳጅ የተባለባቸው ሦስት ቦታዎች፦ 2 ዜና 20፥7፣ ኢሳ. 41፥8፣ ያዕ. 2፥23። ወዳጅነቱ በተግባር የሚታየው ግን ቃሉ ባልተጻፈበት፣ ዘፍ. 18፥17 ላይ ነው፦ «እኔ የማደርገውን ከአብርሃም እሰውራለሁን?» ከዮሐንስ 15፥15 ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡትና አንብቡት። እግዚአብሔር ስለ ሰዶም ነገረው። አብርሃም የተነገረውን ምን አደረገበት? ለሰው ለመነ። 50፣ 45፣ 40፣ 30፣ 20፣ 10፤ ስድስት ጊዜ። በመሐሉ «እኔ አፈርና አመድ ስሆን» ይላል፣ ቁጥር 27። ሲቀርብ ራሱን አልረሳም። ለራሱ ደግሞ አንድም ነገር አልጠየቀም፤ ሎጥ እዚያ መኖሩ ልቡ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ግን ስሙን እንኳ አላነሣም።

የወዳጅ ጸሎት ይህን ይመስላል። ቁጥር 16 «በስሜ የምትለምኑትን ሁሉ» ሲልም መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ማኅተም አይደለም፤ የእሱን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው በእሱ ስም የሚለምነው ነው። የንጉሥን ማኅተም ይዞ ለራሱ መሬት የሚያጽፍ ባለሟል ምን እንደሚባል ቆሎ_ተማሪ ይንገረን።

#9 ቆሎ_ተማሪ
ሌባ።

#10 አወያይ
ስለ ምልጃ የጀመራችሁት ሁለት መልእክት ወደ ሌላ ክር ተዛውሯል። እዚህ ቅዳሜ ላይ እንቆይ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

#11 ወይንና_ቅርንጫፍ
እሺ፣ ወደ ተግባሩ። 45 ደቂቃው እንዲህ ቢከፋፈል፦

የመጀመሪያው 8 ደቂቃ፣ 15፥1–17ን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዝግታ። ከ12 አትጀምሩ። ወዳጅነቱን ከወይን ግንዱ ቆርጦ ማስተማር በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ምክር ብቻ ይቀራል፣ «ጥሩ ወዳጅ ሁኑ» የሚል። ቀጣዩ 12 ደቂቃ በሦስት ሦስት ሆነው እርሳስ ይዘው «ኑሩ/ትኖራላችሁ» ያለውን ያስምሩ፣ «ወዳጅ» ያለውን ያክብቡ፣ ትእዛዙን በሳጥን ያስገቡ። ሲጨርሱ አራቱ ቡድኖች የቆጠሩትን ያስተያዩ። አስተማሪ ገና ምንም አይናገርም! ይህ ከባድ ነው፣ ግን 15 ደቂቃ የተናገረ አስተማሪ ከዚያ በኋላ ጥያቄ ቢጠይቅ የሚሰማው ዝምታ ነው። ቀጥሎ 15 ደቂቃ አስተማሪ፣ ከላይ ከተባለው ሁለት ነገር ብቻ ይዞ፦ የባርያና የወዳጅ ልዩነት ማወቅ መሆኑን፣ ትእዛዙ አንድ መሆኑን። አብርሃምን ጨምሪ ጊዜ ከተረፈ፣ ጴጥሮስን ለሌላ ሳምንት አቆዪው። የቀረው 10 ደቂቃ የሳምንቱ ሥራ ነው።

የሳምንቱ ሥራ በቀን 20 ደቂቃ። 5 ደቂቃ ያንኑ ክፍል ማንበብ፣ ሌላ ክፍል አለመጨመር፣ ለ7 ቀን አንድ ክፍል። 5 ደቂቃ «ጌታ እዚህ ላይ የሚያስበው ለምንድን ነው?» የሚለውን ብቻ ይዞ ዝም ማለት። 7 ደቂቃ ጸሎት። 3 ደቂቃ የአንድ ሰው ስም መጻፍና ለዚያ ሰው በዚያው ቀን የሚደረግ አንድ ነገር መወሰን። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ስልኩ ላይ ከሆነ ክፍሉን በወረቀት ገልብጡላቸው፣ 17 ቁጥር ነው፣ አንድ ገጽ ይበቃዋል።

የሚበላሸው የት ነው? ብዙ ጊዜ በ4ኛው ቀን ነው። ክፍሉ «አዲስ ነገር» መስጠት ያቆማል፣ ልጁም «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ ይተዋል። ቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ወዳጅ ማለት ሁልጊዜ የሚሰማህ አይደለም። ማርታና ማርያም «የምትወደው ታሞአል» ብለው ላኩ፤ ጌታ ባለበት ስፍራ ሁለት ቀን ቆየ (11፥6)። አልዓዛር በዚያ ሁለት ቀን ውስጥም ወዳጅ ነበር። ሁለተኛው ብልሽት 3ቱ ደቂቃ ሁልጊዜ መዘለሉ ነው። ማንበብና መጸለይ ደስ ይላል፣ የሰው ስም መጻፍ ግን ያስከፍላል።

#12 ዘሠርክ
ክፍፍሉ ጥሩ ነው። ለኦርቶዶክሳውያን ልጆች ባለው ሥርዓት ላይ ይጣበቅላቸው እንጂ ከጎኑ ሌላ ሥርዓት አይሠራላቸው፤ ሁለት የሚጎትት አንዱንም አያደርስም። የጸሎት ጊዜያቱ ሰባት ናቸው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱንም ያልቻለ ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ በነግህና በሠርክ ይጀምር። ያንን 20 ደቂቃ ከነግህ ጸሎት ቀጥሎ ያድርገው። ዳዊት የሚደግም ካለ የዕለቱን ድርሻ አይተወው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ነው፣ ያ ራሱ ብዙ ነው፣ በሰኞ ቀን 20ው ደቂቃ ወደ 10 ቢወርድ ጥፋት የለበትም።

አሁን ስለ 3ቱ ደቂቃ። የሚጻፈው ስም የሚወዱት ሰው ስም ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የተጣሉትን ሲጽፉ ነው ነገር የሚመጣው፤ ስለዚህ ደረጃውን ቀድመው ይወቁት። ማቴ. 5፥23–24 ያስቀየመው አንተ ከሆንክ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ ይላል። ማቴ. 18፥15–17 የበደለህ እሱ ከሆነ ሦስት ደረጃ ይሰጣል፦ መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፣ ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን። ሁለቱም ላይ የሚሄደው አንተ ነህ። አንዱም «እርሱ ይምጣ» አይልም።

ዘንድሮ የሚበላሸው የመጀመሪያውን ደረጃ በመዝለል ነው። ልጁ ለበደለው ወንድሙ ሳይሆን ለቴሌግራም ቡድኑ ይናገራል። ያ ሦስተኛው ደረጃ ነው፣ ያውም ያለ ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ በኋላ ወንድሙን «ብቻችንን እናውራ» ቢለው ማን ያምነዋል? ሌላው ጥፋት ዕርቅን ከሽምግልና ጋር አንድ ማድረግ ነው። ሽማግሌ ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቦታ አለው፤ ግን «ሽማግሌ ይላክልኝ» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው የመጀመሪያውን ገና አልነካውም። ደብዳቤና የጽሑፍ መልእክትም ለጀማሪ አይመከሩም። ድምፅ የሌለው ይቅርታ ተደጋግሞ ሲነበብ ክስ ይሆናል።

ጥንቃቄም አለ። የበደለው ሰው የደበደበ ወይም የደፈረ ከሆነ «ብቻህን ሂድ» አይባልም፤ ብርሃን፣ ይህን በግልጽ ተናገሪ፣ ከ12 ውስጥ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያ ሰው መጀመሪያ ከሚታመን አዋቂ ጋር ነው የሚነጋገር፣ ለሕግ የሚደርስም ከሆነ ለሕግ ይድረስ።

በቅዳሴ ከቁርባኑ በፊት ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው። ብዙዎቻችን ራስ ዝቅ አድርገን እናልፈዋለን። የተጻፈው ስም ለዚያ ሰዓት ይዘውት እንዲመጡ ንገሪያቸው።

#13 ጠያቂው
የመጨረሻ አለኝ፣ ከዚያ እተዋችኋለሁ። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ወዳጅ መሆናቸውን በምን ያውቃሉ? ምንም ካልተሰማቸው፣ የታረቁትም ሰው ካልተቀበላቸው?

#14 የቃል_ፍቺ
ኩሲን ተመልከት። አቤሴሎም ሲነሣ ዳዊት ከኢየሩሳሌም ሸሸ፣ ኩሲ ሊከተለው መጣ፤ ዳዊት ግን «ወደ ከተማው ተመለስ» አለው (2 ሳሙ. 15፥32–37)። ወዳጁን ከጎኑ ሳይሆን ከጠላት ግቢ ነው ያስቀመጠው። አቤሴሎምም ያፌዝበታል፣ «ከወዳጅህ ጋር ያልሄድህ ስለ ምንድር ነው?» (16፥17)። በውጭ ለሚያይ ኩሲ ወዳጁን የከዳ ይመስላል። በዚያ ሰዓት ከንጉሡ አጠገብ የለም፣ ድምፁን አይሰማም፣ ያለው የተነገረው ጉዳይ ብቻ ነው። ያንን ይዞ ይሠራል። ከዚህ የተለየ ማረጋገጫ ክፍሉ ውስጥ አላገኘሁም፤ ቁጥር 15 «አስታውቄአችኋለሁ» ይላል እንጂ «ይሰማችኋል» አይልም። ሰውየው ዕርቁን ካልተቀበለ ደግሞ፣ የታዘዝከው መሄድህን ነው።

#15 ጠያቂው
እሺ። ኩሲን አላውቀውም ነበር።

#16 ብርሃን_27
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ይሁዳ ወጥቷል፣ በምትኩ በ«ሚዜ» እከፍታለሁ። ትምህርቱ በሁለት ነጥብ ቀርቷል፣ ጴጥሮስ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላልፏል፣ የዕርቁ ደረጃና የዘሠርክ ጥንቃቄ በወረቀቱ ጀርባ ገብቷል። ከወረቀቱ ግርጌ አንድ ጥቅስ መጨመር ፈልጌ መዝ. 25፥14ን መርጫለሁ፤ እግዚአብሔር ለሚፈሩት ምስጢሩን እንደሚገልጥ የሚናገረውን። ከቁጥር 15 ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። ነገ ጠዋት ይታተማል።

#17 ቆሎ_ተማሪ
ከማተምሽ በፊት ሁለት ነገር። መዝሙረ ዳዊት ይዘው የሚመጡት 25ን ቢገልጡ ሌላ መዝሙር ነው የሚያገኙት፤ በእነሱ ዘንድ ያ መዝሙር 24ኛው ነው። ከ11 እስከ 113 ያለው በዕብራይስጡ ቁጥር በአንድ ይበልጣል፣ ግሪክኛውና ግእዙ 9ኛውንና 10ኛውን አንድ ስለሚያደርጉ። «መዝ. 24 (25)፥14» ብለሽ ጻፊው።

ሁለተኛው ይብሳል። «ምስጢር» ያልሽው ከዕብራይስጡ ነው፣ እዚያ «ሶድ» ይላል፣ በጓዳ የሚመከር ምክር። ግሪክኛው ግን በዚያ ቦታ «ኃይል» ብሎ ነው የተረጎመው፣ ግእዙም እሱን ተከትሏል። ግማሾቹ ልጆች ወረቀትሽ ላይ ያለውን ቃል መጽሐፋቸው ውስጥ አያገኙትም። ዘፍ. 18፥17ን አስገቢበት፣ የእሱ ዋና ሐሳብ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

#18 ብርሃን_27
ተቀይሯል። ዘፍ. 18፥17 ገብቷል።